ቁጥሩ ያው ነው፣ ሂሳቡ ግን ሌላ

በፔታህ ቲክቫ በአንድ ደረጃ የሚወጡና የሚወርዱ ሁለት ጎረቤታሞች ለእጅ ስልክ በጣም የተራራቀ ዋጋ ሊከፍሉ ይችላሉ። አንደኛው በወር 30 ሰቅል ገደማ ይከፍላል፣ ሌላኛው 110 ወይም 120። ሁለቱም ያለ ገደብ ይደውላሉ። ሁለቱም በዩቲዩብ የአማርኛ ዜናና ዘፈን ይከታተላሉ። ስልካቸው የሚገናኘው እንኳ አንድ ጣሪያ ላይ ከተተከለ አንድ አንቴና ጋር ሊሆን ይችላል። በኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች ዘንድ ደግሞ ብዙውን የሚከፍሉት አብዛኛውን ጊዜ በጡረታ የሚኖሩት አያት ናቸው፤ ጥቂቱን የሚከፍለው ከሠራዊት ተመልሶ ሥራ የያዘው የልጅ ልጅ ነው።

ይህ ልዩነት የመጣው አያቲቱ የተሻለ አገልግሎት ስለሚያገኙ አይደለም። በእስራኤል የእጅ ስልክ ዋጋ ከወደቀ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። ነገር ግን የወደቀው ዋጋ በራሱ እግር ሄዶ የማንንም በር አያንኳኳም። ለጠየቀ፣ ለተከራከረና ለለወጠ ሰው ይደርሳል፤ ዝም ላለ ሰው የድሮው ዋጋ ይቀጥላል። ዕብራይስጥ እንደ ልብ ለማያነብ ሰው ዝምታው ረጅም ነው፣ ሂሳቡም ከባድ ነው።

ነገሩን ለመረዳት ትንሽ ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) በ1984 እና 1985 በሙሴ ዘመቻ፣ በሜይ 1991 ደግሞ በሰሎሞን ዘመቻ የመጡት ቤተሰቦች መጀመሪያ የተዋወቁት ከመርካዝ ክሊታው (ከአዲስ መጤዎች መቀበያው) የሕዝብ ስልክ ጋር ነበር። አሲሞን በተባለው ብረት፣ በኋላም በቴሌካርድ ይደውሉ ነበር። ወደ ውጭ አገር የሚደረገው ጥሪ በሙሉ በአገሪቱ የስልክ ኩባንያ በቤዜቅ እጅ ስለነበር፣ ጎንደር ወይም አዲስ አበባ ለቀረ ዘመድ ጥቂት ደቂቃ ማውራት የቤት ወጪ የሚያናጋ ጉዳይ ነበር። በጁላይ 1997 ሌሎች ኩባንያዎች ወደ ውጭ ጥሪ ገበያ ሲገቡ ዋጋው በአንድ ጊዜ ተናደ። እስራኤል ውድድር ምን እንደሚያደርግ ያየችው ያኔ ነበር።

በእጅ ስልክ ግን ይህ እስኪሆን ገና አሥራ አምስት ዓመት ይቀር ነበር። ፔሌፎን በ1986 ሲጀምር ብቻውን ነበር፤ እስከ ዛሬም ብዙ ሰው ማንኛውንም የእጅ ስልክ “ፔሌፎን” ይለዋል። ሴልኮም በ1994 መጨረሻ ገባ፤ ጨረታውን ያሸነፈውም ለጥሪ እጅግ ዝቅተኛ ዋጋ አቅርቦ ነበር። በ1990ዎቹ መጨረሻ ፓርትነር ኦራንጅ በሚለው ስም ተከተለ። የዚህ ኩባንያ ዋና መሥሪያ ቤት ከፔታህ ቲክቫ በስተ ምሥራቅ አጠገቧ ባለችው በሮሽ ሃዓይን ነው። ሦስቱ ከሞላ ጎደል ገበያውን ተካፍለው ለዓመታት በሰላም ኖሩ።

ሰላማቸው የተጠበቀው በሦስት ቁልፎች ነበር። የመጀመሪያው ቁጥሩ ነው። ኩባንያ የለወጠ ሰው ቁጥሩን ያጣ ነበር፤ 050 ያለው የፔሌፎን፣ 052 ያለው የሴልኮም፣ 054 ያለው የኦራንጅ ሰው ነው። ቁጥሩን ኢትዮጵያ ላሉ ዘመዶች ሁሉ አንድ በአንድ ለነገረ ሰው ይህ ትልቅ እስራት ነው። ሁለተኛው ቁልፍ ስልኩ ራሱ ነበር። “በነፃ” የተሰጠው ስልክ በ36 ወር ክፍያ ተከፋፍሎ ከሂሳቡ ጋር ይመጣል፣ ውሉ ሳያልቅ የሚወጣ ሰውም ቅጣት ይከፍላል። ሦስተኛው ከሕዝብ ዓይን የተሰወረ ነበር። የአንዱ ኩባንያ ደንበኛ ለሌላው ኩባንያ ደንበኛ ሲደውል፣ ደዋዩ ኩባንያ ለተቀባዩ በየደቂቃው 25 አጎሮት ገደማ ይከፍል ነበር። ደንበኞቹ ጥቂት የሆኑበት አዲስ ኩባንያ ከሆነ ደግሞ ጥሪው ሁሉ ወደ ሌሎች ነው። ሥራ ሳይጀምር ለተወዳዳሪዎቹ ግብር ከፋይ ይሆናል ማለት ነው።

ቁልፎቹ አንድ በአንድ ተከፈቱ። በዲሴምበር 2007፣ ኩባንያዎቹ ለዓመታት ካጓተቱት በኋላ፣ ቁጥርን ይዞ መሄድ ተፈቀደ። ከዚያ ወዲህ የመጀመሪያዎቹ ሦስት አኃዞች የኩባንያውን ማንነት አይናገሩም፤ 052 የሚል ቁጥር የያዘ ሰው ዛሬ በየትኛውም ኩባንያ ሊሆን ይችላል። የቀሩትን ሁለት ቁልፎች የከፈተው ሞሼ ካሕሎን ነው።

ካሕሎን ከሊቢያ የመጡ ወላጆች ልጅ ነው። ያደገው በሓዴራ ከተማ ጊቫት ኦልጋ በተባለው ሰፈር፣ ብዙ ልጆች ባሉበት ችግረኛ ቤት ውስጥ ነበር። በ2009 የኮሙኒኬሽን ሚኒስትር ሲሆን ትልልቆቹ ኩባንያዎች በአገሪቱ ከሚፈሩት መካከል ነበሩ። ከጃንዋሪ 2011 ጀምሮ በኩባንያዎች መካከል የሚከፈለው የደቂቃ ዋጋ ከ25 አጎሮት ወደ 7 አጎሮት ገደማ እንዲወርድ ተደረገ። ከውል የመውጫ ቅጣት በሕግ ተገደበ፣ ቆይቶም ለግለሰብ ደንበኞች ጨርሶ ቀረ። በዚያው በ2011 በጋ ሕዝቡ በኮቴጅ አይብ ዋጋ ተቆጥቶ፣ ከዚያም በቤት ኪራይ ተማርሮ በቴል አቪቭ ሮትሽልድ ጎዳና ድንኳን ተከለ። የኑሮ ውድነት የአገሩ ሁሉ ወሬ ሆነ።

ወደ ገበያው ለሚገቡ አዲስ ኩባንያዎች የወጣው ጨረታም ብልሃት ያለው ነበር። አሸናፊዎቹ ትልቅ ገንዘብ ለመክፈል ዋስትና ይሰጣሉ። ነገር ግን በጥቂት ዓመታት ውስጥ ደንበኛ ባፈሩ ቁጥር የሚከፍሉት ይቀንሳል፤ ከግለሰቦች ገበያ 7 በመቶ ከደረሱ ደግሞ ምንም አይከፍሉም። መንግሥት ከገንዘቡ ይልቅ ውድድሩን መረጠ። ካሸነፉት አንዱ ሚርስ ነበር፤ በነጋዴው ፓትሪክ ድራሂ ባለቤትነት ሆት ሞባይል ሆኖ ወጣ። ሁለተኛው ጎላን ቴሌኮም ነው። መሥራቹ ሚኻኤል ጎላን ከፈረንሳይ የመጣ ሲሆን፣ በዚያ በርካሽ ኢንተርኔት ስም ያወጣውን ፍሪ የተባለ ኩባንያ መርቶ ነበር። ያው ፍሪ በጃንዋሪ 2012 በፈረንሳይ በወር 20 ዩሮ የማይሞላ የእጅ ስልክ ሐቪላ (ወርኃዊ ጥቅል) አውጥቶ ገበያውን አናግቷል።

የእስራኤሉ ቀን ሜይ 2012 ነበር። ሁለቱ አዲስ ኩባንያዎች በአንድ ሳምንት ውስጥ ያለ ገደብ የሚደወልበት ሐቪላ አወጡ፤ ሆት ሞባይል በ89፣ ጎላን በ99 ሰቅል። ከጥቂት ወራት በፊት፣ በዲሴምበር 2011፣ የሱፐርማርኬት ባለቤቱ ራሚ ሌቪ የራሱን የስልክ አገልግሎት ጀምሮ ነበር። ራሚ ሌቪ አንድም አንቴና አልተከለም። የፔሌፎንን ኔትወርክ በጅምላ ተከራይቶ፣ በሰው ምጣድ እንጀራ ጋግሮ እንደሚሸጥ፣ ለራሱ ደንበኞች አቀረበ። ትልልቆቹም ተከትለው ዋጋቸውን ለመቁረጥ ተገደዱ።

ቁጥሮቹ ራሳቸው ይናገራሉ። ሴልኮም በ2010 ከአንድ ደንበኛ በወር በአማካይ 144 ሰቅል ያህል ያገኝ ነበር። ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ2020፣ ፓርትነር ከአንድ ደንበኛ የሚያገኘው ወደ 50 ሰቅል ወርዶ ነበር። በዚያ መካከል ደግሞ ሰው በስልኩ የሚጠቀመው ኢንተርኔት በብዙ እጥፍ አድጓል። ካሕሎን በዚህ ዝና ኩላኑ የተባለ ፓርቲ መሥርቶ በ2015 ምርጫ 10 መቀመጫ አገኘ፣ የገንዘብ ሚኒስትርም ሆነ። በእስራኤል ፖለቲካ የስልክ ሂሳብ ፓርቲ ሲያቋቁም የታየው ያኔ ነው።

ለውጡ ያለ ዋጋ አልመጣም። ትልልቆቹ ኩባንያዎች በሺዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞችን አሰናበቱ፤ ብዙዎቹ በስልክ ደንበኛ የሚያስተናግዱ ወጣቶች ነበሩ። አራተኛው ትውልድ ኔትወርክም በእስራኤል ከብዙ አገሮች ዘግይቶ ነው የመጣው፤ የሞገድ ጨረታው የተካሄደው በ2015 መጀመሪያ ነው። ጎላን ራሱ የራሱን ኔትወርክ ከመዘርጋት ይልቅ በሴልኮም አንቴናዎች ሲሠራ ቆየ፣ በ2017 ኤሌክትራ ለተባለ ኩባንያ ተሸጠ፣ በ2020 ደግሞ ሴልኮም ገዛው።

ይህ የመጨረሻው ነገር ለደንበኛ ጠቃሚ ትምህርት አለው። ሰዎች ርካሽ ኩባንያ ሲባሉ የመጀመሪያ ጥያቄያቸው “ኔትወርኩ ይሠራል?” የሚል ነው። ጎላን የሴልኮም ንብረት ነው፣ በሴልኮም ኔትወርክም ይሠራል። 012 ሞባይል የፓርትነር ነው። ሆት ሞባይልና ፓርትነር አንቴናዎችን በጋራ ይጠቀማሉ። አንቴና የሌላቸው ኩባንያዎች ሁሉ ከትልልቆቹ በአንዱ ላይ ተሳፍረው ነው የሚሠሩት። ስለዚህ ሊጠየቅ የሚገባው የኩባንያው ስም ሳይሆን “በማን ኔትወርክ ነው የምትሠሩት?” የሚለው ነው። ያ ኔትወርክ በቤት ውስጥ፣ በሥራ ቦታና በማማድ (በቤት መጠለያ ክፍል) ውስጥ የሚይዝ መሆኑን ደግሞ ተመሳሳይ መስመር ካለው ጎረቤት ስልክ ላይ ማየት ይቻላል። በወፍራም ኮንክሪት የተሠራ ማማድ ሲም ካርድ አይመርጥም፤ ውዱንም ርካሹንም ያደክማል።

የጦርነት ጊዜ ማስጠንቀቂያም ብዙ አረጋውያንን ያሳስባል። በጁን 16፣ 2025 ማለዳ ከኢራን የተተኮሰ ሚሳይል በፔታህ ቲክቫ የመኖሪያ ሕንፃ መትቶ ሰዎች ከተገደሉ ወዲህ ስልክን ለደቂቃ ማጣት የሚያስፈራ ነገር ሆኗል፤ ፍርሃቱም ትክክል ነው። ነገር ግን የፒኩድ ሃዖሬፍ (የደጀን ዕዝ) ማስጠንቀቂያ ወደ ስልክ የሚደርሰው በአንቴናውና በስልኩ ዓይነት እንጂ በወርኃዊ ክፍያ መጠን አይደለም። በ30 ሰቅል ሐቪላ ያለ ዘመናዊ ስልክ በ120 ሰቅል ሐቪላ ካለው ያረጀ ስልክ በተሻለ ሁኔታ ያስጠነቅቃል። ገንዘብ መውጣት ካለበት ወደ ስልኩ ይውጣ።

ታዲያ ይህ ሁሉ እያለ ሰው ለምን በድሮው ሂሳብ ይቆያል? በእስራኤል ከ160 ሺህ በላይ የኢትዮጵያ ተወላጆች አሉ፤ ፔታህ ቲክቫም ከናታንያ ጋር ብዙዎች ከሚኖሩባቸው ከተሞች አንዷ ናት። በእነዚህ ቤቶች የሚታዩት ምክንያቶች ተመሳሳይ ናቸው። ሂሳቡ በሆራአት ኬቫ በቀጥታ ከባንክ ይቆረጣል፤ ደብዳቤ ከመጣም በዕብራይስጥ ነው፣ ወይም ጨርሶ በወረቀት አይመጣም። ዓመት ሲሞላ ቅናሹ አብቅቶ ዋጋው እንደሚወጣ የሚገልጸው መልእክት በስልኩ ላይ ከማስታወቂያዎች ጋር ተቀላቅሎ ያልፋል።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ይሉኝታ ነው። የስልክ ኩባንያዎች የሚለቅ ደንበኛን ለማስቀረት “ሺሙር” የተባለ ክፍል አላቸው። ሌላ ኩባንያ ርካሽ ሰጥቶኛል፣ ልሄድ ነው የሚል ሰው ወደዚያ ይተላለፋል፣ ከዚያም ከደቂቃዎች በፊት “አይቻልም” የተባለው ዋጋ ድንገት ይቻላል። አገሬው ይህን ጨዋታ ከልጅነቱ ያውቀዋል። በአክብሮት ያደጉ አረጋውያን ግን በማያውቁት ሰው ላይ ድምፃቸውን ማንሣት ነውር ይመስላቸዋል፤ “ውል ገብቻለሁ” ይላሉ፣ “ልጁ በደንብ ነው ያናገረኝ” ይላሉ። ይህ ጨዋነት የሚከበር እንጂ የሚታፈርበት አይደለም። ዋጋውን የሚከፍሉት ግን እነሱ ናቸው፣ ስለዚህ ክርክሩን ልጆቻቸው ሊወስዱላቸው ይገባል።

ሂሳቡ ቀላል ነው። አምስት መስመር ያለው ቤት ለእያንዳንዱ 110 ሰቅል የሚከፍል ቢሆን በወር 550 ሰቅል ይወጣል። እነዚያው አምስት መስመሮች በ35 ሰቅል ቢሆኑ 175 ይሆናሉ። ልዩነቱ በወር 375፣ በዓመት 4,500 ሰቅል ነው። ይህ ገንዘብ በየወሩ ጥቂት በጥቂት ስለሚወጣ አይታይም።

ሂሳቡን ለማንበብ የሚቀመጥ ልጅ አንድ ነጠላ ቁጥር አይፈልግ፤ ዝርዝሩን ይፈልግ። የሐቪላው ዋጋ አንድ መስመር ላይ አለ። የስልኩ የየወር ክፍያ ሌላ መስመር ላይ ነው፤ የቀረው ስንት ወር እንደሆነ ተጽፎ ይገኛል። ከዚያ በታች የሚመጡት ናቸው ብዙ ቤት የሚያስገርሙት፦ የስልክ ጥገና አገልግሎት ስልኩ ከተጣለ ከዓመታት በኋላ እየተከፈለ ይገኛል፤ ማንም ያላዘዘው የሚመስል የዘፈን ወይም የጨዋታ አገልግሎት በአንድ ንክኪ ተመዝግቦ ይገኛል፤ ለሞተች ስልክ የተያዘ ተጨማሪ መስመርም ይገኛል። የይዘት አገልግሎቶችን ጨርሶ እንዲዘጉ መጠየቅ ይቻላል፣ በአረጋውያንና በሕፃናት መስመር ላይ ደግሞ ቢዘጉ ይመረጣል።

የስልክ ክፍያ የቀረው ሰው መሄድ አይችልም የሚለው ወሬ ስሕተት ነው። መስመሩ ሌላ ቦታ ሊሄድ ይችላል፤ የስልኩ ዕዳ ግን ይቀራል። ይሁንና በሐቪላው በኩል ለስልኩ የሚሰጥ የወር ቅናሽ ካለ፣ ሲሄዱ ቅናሹ ሊቆም ይችላል። ስለዚህ ከመፈረም በፊት “ብወጣ ለስልኩ በወር ስንት እከፍላለሁ?” ብሎ መጠየቅና መልሱን በጽሑፍ መያዝ ያስፈልጋል።

መለወጡ ራሱ ብዙዎች ከሚፈሩት በጣም ቀላል ነው። ወደ ድሮው ኩባንያ ደውሎ “ሰርዙልኝ” ማለት አያስፈልግም፤ እንዲያውም አይገባም፤ አስቀድሞ የተሰረዘ መስመር ቁጥሩን ሊያሳጣ ይችላል። አዲሱ ኩባንያ ነው ቁጥሩን የሚጎትተው። የቴኡዳት ዜሁት (የመታወቂያ) ቁጥር፣ የሚከፈልበት ካርድ ወይም የባንክ ሂሳብ መጨረሻ አኃዞች፣ ከዚያም ባለቤቱ ራሱ እንደሆነ ከዚያው መስመር ማረጋገጥ ይጠየቃል። መስመሩ በማን ስም እንደተመዘገበ አስቀድሞ ማወቅ ይጠቅማል፤ በብዙ ቤት የእናት መስመር በታላቅ ልጅ ወይም በቀድሞ ባል ስም ነው፣ ነገሩ የሚደናቀፈውም እዚያ ላይ ነው። ርካሾቹ ኩባንያዎች አብዛኛውን ጊዜ ክሬዲት ካርድ ይፈልጋሉ፤ ካርድ የሌላቸው አረጋውያን በልጅ ካርድ ቢከፈልላቸውም መስመሩ በራሳቸው ስም ቢሆን ይሻላል። የባንክ፣ የኩፓት ሖሊም (የጤና መድን)ና የቢቱዋሕ ለኡሚ (የብሔራዊ መድን) የማረጋገጫ ኮዶች የሚመጡት በዚያ ቁጥር ነውና።

በሌላ በኩል ርካሹ ኩባንያ የማይሰጠው ነገር አለ፤ ይህን ሳይናገሩ ማለፍ አይገባም። በከተማው መሃል ገብተው ሰው ፊት ለፊት የሚያነጋግሩበት ሱቅ ላይኖረው ይችላል። ሁሉም በኢንተርኔት ነው፣ በዕብራይስጥ ነው። ትልቁ ኩባንያ ጋ ካንዮን (የገበያ ማዕከል) ውስጥ ቆሞ የሚጠብቅ ሠራተኛ አለ፣ አንዳንዴም አማርኛ የሚናገር ወጣት ይገኛል። ብቻቸውን የሚኖሩ፣ በአቅራቢያቸው ልጅ የሌላቸው ሰው ለዚህ በወር አሥራ አምስት ሰቅል ጨምረው ቢከፍሉ አላግባብ አይደለም። ሰማንያ ሰቅል ጭማሪ ግን ለአገልግሎት የሚከፈል ዋጋ አይደለም።

ሕጉም ከብዙዎች ግምት በላይ ከደንበኛው ጎን ቆሟል። በስልክ በተደረገ ንግግር ወይም ቤት ለቤት በሚዞር ሻጭ የተገባ ውል በ14 ቀን ውስጥ መሰረዝ ይቻላል። ዕድሜያቸው 65 እና ከዚያ በላይ ለሆኑ፣ ለአካል ጉዳተኞችና ከመጡ አምስት ዓመት ላልሞላቸው ዖሊም (አዲስ መጤዎች) ግን ጊዜው አራት ወር ነው። አራት ወር! የመሰረዣ ክፍያውም ከዋጋው 5 በመቶ ወይም ከ100 ሰቅል፣ ከሁለቱ ከሚያንሰው አይበልጥም፤ እስከዚያ ለተጠቀሙበት ግን ይከፈላል። እናት “እሺ” ያሉትን ልጅ ከሁለት ወር በኋላ ደርሶበት ቢሰርዘው መብታቸው ነው። ከ2019 ጀምሮ ደግሞ የስልክ ኩባንያዎች ስለ ሂሳብ፣ ስለ ብልሽትና ስለ መሰረዝ ለሚደውል ሰው በስድስት ደቂቃ ውስጥ ሰው እንዲያነጋግረው ማድረግ አለባቸው። ከጃንዋሪ 2023 ወዲህ “አትደውሉልኝ” የሚል የመንግሥት መዝገብ አለ፤ ቁጥሩን ያስመዘገበ ሰው ላይ ሻጮች እንዳይደውሉ ተከልክሏል። የአረጋውያንን ቁጥር እዚያ ማስመዝገብ የአንድ ምሽት ሥራ ነው። ያለ አግባብ የተቆረጠ ገንዘብ ካልተመለሰ የኮሙኒኬሽን ሚኒስቴር አቤቱታ ይቀበላል፣ ያለ ጠበቃ የሚኬድበት የትናንሽ ክሶች ፍርድ ቤትም አለ።

ዛሬ ለመለወጥ የሚያስብ ሰው የስልኩን ዕድሜም ይመልከት። ሚኒስቴሩ የሁለተኛውንና የሦስተኛውን ትውልድ ኔትወርክ ለመዝጋት የ2025 መጨረሻን ቀነ ገደብ አድርጎ ነበር። ይህ የሚነካው በተለይ ቁልፍ ያላቸውን ትንንሽ ስልኮች የሚወዱትን አያቶችና አባቶች ነው። አራተኛ ትውልድ ይዞ በዚያው ኔትወርክ ድምፅ የማያስተላልፍ ስልክ፣ ኢንተርኔቱ እየሠራ ጥሪው ሊጠፋ ይችላል። አዲስ ሐቪላ ሲወሰድ ሻጩን ስልኩን አሳይቶ መጠየቅ ነው፤ ቁልፍ ያላቸው አዳዲስ ስልኮችም በገበያው አሉ፣ ሰው ወደማይወደው ስልክ መገደድ የለበትም።

ለኢትዮጵያውያን ቤት አንድ ተጨማሪ ጥያቄ አለ፦ ወደ ኢትዮጵያ የሚደረግ ጥሪ። ብዙ ሐቪላዎች “ወደ ውጭ አገር ደቂቃዎች አሉት” ይላሉ። የአገሮቹ ዝርዝር ግን አጭር ሊሆን ይችላል፤ አሜሪካና ፈረንሳይ መኖራቸው ለጎንደር አይጠቅምም። ኢትዮጵያ ከነስሟ በዝርዝሩ ውስጥ መኖሯን፣ ወደ እጅ ስልክም እንደሚሠራ መጠየቅ ያስፈልጋል። አብዛኛው ሰው ዛሬ በኢሞ፣ በዋትሳፕና በቴሌግራም ነው የሚደውለው፤ በዚያ መንገድ ከዚህ በኩል የሚያስፈልገው ኢንተርኔት ብቻ ነው፣ እሱም በርካሾቹ ሐቪላዎች ውስጥ ለአንድ ሰው ከበቂ በላይ ነው። ወጪው የሚከብደው በዚያኛው ጫፍ ላለው ዘመድ ነው።

በዚያኛው ጫፍም ነገሮች ተንቀሳቅሰዋል። በኢትዮጵያ የእጅ ስልክ በ1999 ሲጀምር የመንግሥቱ ድርጅት ብቻውን ነበር። በ2018 ኢትዮ ቴሌኮም በፍሬሕይወት ታምሩ ሥራ አስፈጻሚነት የሞባይል ጥሪ ዋጋን በ40 በመቶ፣ የሞባይል ኢንተርኔትን በ43 በመቶ ቀነሰ። በኦክቶበር 2022 ደግሞ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ አገር አቀፍ አገልግሎቱን በይፋ ጀመረ፣ ሁለት ሲም የሚይዝ ስልክም በአዲስ አበባ የተለመደ ሆነ። ሳፋሪኮም ገና ሳይደርስ የድርጅቱ ዋጋ መውረድ መጀመሩ፣ ተወዳዳሪ ይመጣል የሚለው ወሬ ብቻውን ምን ያህል እንደሚሠራ ያሳያል።

በዓል ለማክበር ወይም ዘመድ ለመጠየቅ ወደ ኢትዮጵያ የሚሄድ ሰው ላይ ግን በርካሽ ሐቪላ የተረፈው ሁሉ በአንድ ሳምንት ሊጠፋ ይችላል። በወር 30 ሰቅል የሚከፍል መስመር ከአገር ሲወጣ፣ ኢንተርኔቱ ካልተዘጋ፣ ዋጋው በሜጋባይት የሚቆጠር ሌላ ነገር ይሆናል። ከቤን ጉርዮን ከመነሣት በፊት በስልኩ ቅንብር ውስጥ ያለውን የውጭ አገር ዳታ መዝጋት ያስፈልጋል፤ የድምፅ መልእክት ሳጥን የከፈተም ያጥፋው። አዲስ አበባ ሲደርሱ በፓስፖርት አስመዝግቦ ከኢትዮ ቴሌኮም ወይም ከሳፋሪኮም ሲም መግዛት ይቻላል። የእስራኤሉን ሲም ግን አውጥቶ ሻንጣ ውስጥ መጣል አይገባም፤ ስልኩ ሁለት ሲም የሚይዝ ከሆነ ዳታው ተዘግቶ ይቀመጥ። ዋትሳፑ በቀድሞው ቁጥር ይቀጥላል፣ የባንክ ኮድ ሲያስፈልግም መልእክቱ ወደዚያው ይመጣል።